የሄልምስዊክ የሐሙስ ሰልፍ

ከቲማሩ አጠገብ፣ ኒውዚላንድ
ፌብሩዋሪ 7 ቀን 1954

ለተከበሩ አክስቴ ለሄስተር ኦልድሮይድ፣

ይህች ወረቀት ባሕሩን ተሻግራ ስትደርስ በጤና፣ በሞቀ ክፍልና በደረቅ ጫማ ታግኝዎ። እኛ እዚህ እግዚአብሔር ይመስገን አለን። ባለቤቴን ጆይስን ብቻ ከገና ወዲህ ትንሽ አሟታል፤ ሐኪሙ የሚያስፈልጋት ዕረፍት ነው ብሏል። በጎቹን ሸልተን ጨርሰናል። እርስዎ በረዶ ሲጠርጉ እኛ ጥላ ፍለጋ እንዞራለን፤ ዓለም እንዲህ ተዘቅዝቃ መሠራቷ እስካሁን ይገርመኛል።

የከተማችን ወሬ እዚህ ድረስ ደርሷል። ባለፈው ወደብ ላይ ያገኘሁት አንድ የሄልምስዊክ ሰው፣ የአውራጃው ምክር ቤት የሐሙሱን ገበያ ከአደባባዩ አንሥቶ ከባቡር ጣቢያው በላይ ወዳለው ሜዳ ሊወስደው፣ አደባባዩንም የመኪና ማቆሚያ ሊያደርገው ነው አለኝ። እውነት ነው? እውነት ከሆነ፣ አክስቴ፣ ከእንግዲህ እዚያ ምን ይይዝዎታል? በዚያ ጉልበት አይብ ተሸክመው ያንን ዳገት ሊወጡ ነው?

ቤታችን ውስጥ ፀሐይ የማትለየው አንድ ክፍል አለ። ባዶ ነው። የመርከቡን ጉዳይ ለእኔ ይተዉት። ጎረቤቶቼ «ምንህ ናት?» ሲሉኝ «የአባቴ የአጎት ልጅ» ብዬ እጀምርና ማን መቼ አገሩን እንደ ለቀቀ ሳስረዳ ሻዩ ይቀዘቅዛል፤ አሁን «አክስቴ» ብዬ እገላገላለሁ። ከስድስት ዓመቴ ወዲህ ባላይዎትም፣ ከኦልድሮይድ ዘር የቀረነው እርስዎና እኔ ብቻ ነን። ያስቡበት።

አክባሪዎ፣
ክሊፈርድ


ሄልምስዊክ፣ ዮርክሸር
ማርች 3 ቀን 1954

ለልጄ ለክሊፈርድ፣

ሰላምታዬ ይድረስህ፤ በረከቱም ከነበጎችህ ይብዛልህ። እኔ ከጉልበቴ በቀር ደህና ነኝ። ጉልበቴም ቢሆን ዝናብ ሊመጣ ሲል ከሬዲዮው ቀድሞ ስለሚነግረኝ ብዙ አላማርረውም።

የሰማኸው እውነት ነው። ከሞኝ ደጃፍ ሞፈር ይቆረጣል እንዲሉ፣ ዝም ያልን ስለ መሰላቸው አደባባያችንን ሊወስዱት መጡ። ዝም ማለታችንስ እውነት ነው። ይህ ከተማ ቤቱ ቢቃጠል እንኳ ጎረቤቱን ላለማስቸገር ድምፁን ዝቅ አድርጎ የሚጣራ ከተማ ነው። የቤተ ክርስቲያናችን ሰዓት ወደ ኋላ ይቀራል፤ አውቶቡሱ በእሱ ስለሚሄድ ግን የሚያስተካክለው የለም። ሐኪማችን ከመጣ ሃያ ዓመት አለፈው፣ አሁንም «አዲሱ ሐኪም» ነው። ስብሰባው ላይ የምክር ቤቱ ሰው «ተቃውሞ ያለው አለ?» ሲል ሁሉም አቀርቅሮ ጫማውን ተመለከተ። ሰውየው ወጥቶ በሩ ሲዘጋማ፣ አቤት የተቃውሞው ብዛት! የፖስታ ቤት ጡረተኛው ዊልፍሬድ ታፕ እንኳ ጠረጴዛ መታ።

እኔ ግን ሰውየው ሳይወጣ እጄን አንሥቼ ነበር። «ጌታዬ፣ እናቴም አያቴም አይብ የሸጡት አደባባዩ መሃል ባለው በዚያ የድንጋይ ጣሪያ ሥር ነው፤ ቅቤ መስቀል የምንለው ለጌጥ አይደለም» አልኩት።

«ወይዘሪት ኦልድሮይድ፣ ገበያው እኮ ሞቷል» አለኝ።

«የሞተ ነገር ሐሙስ በመጣ ቁጥር አይነሣም» አልኩት። ሁለት ሰዎች ሳቁ፣ ወዲያው ሳል አስመሰሉት።

በመጨረሻ የተስማማነው እንዲህ ነው። ምክር ቤቱ አንድ ተመልካች ይልካል። መቼ እንደሚመጣ አይነገረንም፤ ከሐሙሶቹ በአንዱ ብቅ ይላል። ገበያው ሕይወት ካለው ባለበት ይቆያል፣ ከሌለው ወደ ሜዳው ይወጣል።

እንግዲህ ቃሌን ልስጥህ። ገበያው ወደዚያ ሜዳ ከወጣ እኔ አብሬው አልወጣም። ቢላዬን ጠቅልዬ ወደ አንተ እመጣለሁ። ባለበት ከቆየ ግን ፀሐይህን ለበጎችህ ስጣት።

ከጠረጴዛዬ ቀጥላ እንቁላል የምትሸጠው ኢዲት ክሬክ አሁንም አታናግረኝም። ከእኔ ሸራ የወረደ ውሃ እንቁላሏ ላይ ስለ ተንጠባጠበ ነው፤ ያ የሆነው ከጦርነቱ በፊት ነው። የምትለኝ ነገር ሲኖራት ለገዢ ትነግራለች። «ለዚያች ሴትዮ ሚዛንሽ ተዛብቷል በሉልኝ» ትላለች። እኔም በዚያው ገዢ በኩል እመልስላታለሁ። ይኸው በዚህ ዓይነት ዕድሜያችንን ገፋን።

ጆይስ ተሻላት? ሾርባ ትጠጣ በላት፣ ጨው ሳትሰስት።

አክስትህ፣
ሄስተር


ከቲማሩ አጠገብ
ኤፕሪል 10 ቀን 1954

ለተከበሩ አክስቴ፣

ሰላም ለእርስዎ፣ ለጉልበትዎም ምሕረት ይውረድለት። እዚህ ቅጠሉ መርገፍ ጀምሯል፤ ክረምቱ ዘንድሮ ቶሎ የሚገባ ይመስላል።

ደብዳቤዎን ደጋግሜ አነበብኩት። ከማስመስል እውነቱን ልናገር፤ ተመልካቹ ከሐሙሶች ሁሉ ክፉውን፣ ዝናባሙን መርጦ እንዲመጣ ነው የምመኘው። ይቅር ይበሉኝ። ክፍሉን ቀለም ቀባሁት። ቢጫ ነው፤ ቢጫ ካልወደዱ ሌላ እቀባለሁ፣ ጊዜ አለኝ። አልጋ ጠንካራ ይወዳሉ ወይስ ለስላሳ? ትራስዎ አንድ ነው ሁለት? ውሻ አይፈሩም አይደል? ሽማግሌ ነው፣ ከእግር ሥር ተጠቅልሎ መተኛት እንጂ ሌላ አመል የለውም።

እንደገና ቶሎ ይጻፉልኝ። ወሬ ባይኖር እንኳ ማን ከማን ጋር እንደ ተኳረፈ ይጻፉልኝ። ምሽቱ እዚህ ረጅም ነው።

አክባሪዎ፣
ክሊፈርድ


ሄልምስዊክ
ሜይ 22 ቀን 1954

ለልጄ ለክሊፈርድ፣

ሰላም ለአንተ፣ ሰላም ለቤትህ። ይህን ደብዳቤ ደህና ቁጭ ብለህ አንብበው። መቆሙን እኛ ለሁላችሁም የሚበቃ ቆመናል።

ተመልካቹ መጣ። ምኞትህ ሰምሮልህ የመጣውም ዓመቱን ሙሉ ካየናቸው ሐሙሶች በከፋው ነው። ዝናቡ ከንጋት ጀምሮ ይወርዳል። በዚያ ላይ በጎረቤት ከተማ የበግ ጨረታ ስለ ነበረ ገበሬው ሁሉ ወደዚያ ነጉዷል። አትክልት ሻጩ ድንኳኑን ዘረጋና ሰማዩን አይቶ መልሶ አጠፈው። ቅቤ መስቀሉ ሥር የቀረነው እኔ ከአይቤ፣ ኢዲት ክሬክ ከእንቁላሏ ጋር ነን። ከጠዋት ጀምሮ የሸጥኩት ለቄሱ ድመት የምትሆን የአይብ ቅርፊት ብቻ ነበር።

ረፋዱ ላይ ጥቁር ካፖርት የለበሰ፣ ጃንጥላ የያዘ ሰው መጣና ከጠረጴዛዬ ትንሽ ራቅ ብሎ ቆመ። አይገዛም፣ አይሄድም። ዓይኑ ከእኔ ወደ ባዶው አደባባይ፣ ከባዶው አደባባይ ወደ እኔ ይመላለሳል። ሆዴ ወዲያው ነገረኝ። ኢዲትም ነቅታለች። በአጠገቧ ገዢ ስላልነበረ ለእንቁላሎቿ «በሉ እንግዲህ፣ መጣ» አለቻቸው።

አለቀልን አልኩ። ክሊፈርድ፣ በዚያች ደቂቃ ያ ቢጫ ክፍልህ ከነአልጋው ፊቴ ላይ ድቅን አለብኝ፤ ላስቀይምህ አይደለም እንጂ እንባዬ መጣ።

ያን ጊዜ ዊልፍሬድ ታፕ ከጫማ ሰፊው ቤት ወጣ። አደባባዩን አቋርጦ ወደ ቤቱ ሊገባ ነበር። ሰውየውን አየው። በዚያ ዝናብ ያለ ምክንያት የሚቆም ሰው ሊኖር አይችልም፤ ስለዚህ ዊልፍሬድ ሄዶ ከኋላው ቆመ። አልጠየቀም። ምግብ በኩፖን እየተመጠነ ይታደል የነበረበት የራሽን ዘመን ያሳደገን ሰዎች ነን፤ ሰልፍ ካየህ መጀመሪያ ትይዛለህ፣ የሚሸጠው ምን እንደሆነ ኋላ ይደረስበታል። አይብ ደግሞ ከራሽን የወጣው ገና በዚህ ወር ነው፣ ሰው በልቡ አላመነውም። ከዊልፍሬድ ኋላ የባንኩ ጸሐፊ ሚስት ቆመች። ከእሷ ኋላ የፒክልስ እህትማማቾች ጃንጥላቸውን ተጋርተው ቆሙ። ከዚያ ወዲያ ማን ይመልሰው! ሰው ከየሱቁ እየወጣ፣ ከአውቶቡስ እየወረደ፣ መጋረጃ ገልጦ እያየና ካፖርቱን እየደረበ ተሰለፈ። ሰልፉ መድኃኒት ቤቱን አለፈ፣ ባንኩን ዞረ፣ ቤተ ክርስቲያኑ በር ደረሰ። አደባባዩ ጃንጥላ በጃንጥላ ሆነ።

«ምንድን ነው የሚሸጠው?» ብሎ መጠየቅ ደግሞ በሄልምስዊክ ነውር ነው፤ ጠያቂው ሳያውቅ የቆመ መሆኑ ይነቃበታላ። ስለዚህ የማያውቀው ለማያውቀው ያስረዳል። ከፊት ያሉት «አይብ ሳይሆን አይቀርም» ይላሉ። ባንኩ ጋ ሲደርስ ያለ ኩፖን የአሳማ ሥጋ ሆነ። ጉድና ጅራት ከወደ ኋላ ነው፤ ቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ የናይሎን ካልሲ በነፃ እየታደለ ነው ተብሎ ነበር አሉ።

ተመልካቹ ዘወር ብሎ ሲያይ ክው አለ። አንድ እርምጃ ወደ ግራ ፈቀቅ አለ፤ ሰልፉም አብሮት ፈቀቅ አለ። ወደ ቀኝ ተመለሰ፤ ሰልፉም ተመለሰ።

«ይቅርታዎን፣ ሁላችሁ ምን እየጠበቃችሁ ነው?» አለው ዊልፍሬድን።

«እኔ ከእርስዎ ኋላ ነኝ፤ የሚያውቁት እርስዎ አይደሉም እንዴ?» አለ ዊልፍሬድ።

«እኔ እኮ አልተሰለፍኩም።»

«ታዲያ ከፊት ምን ይሠራሉ?» አለች የባንኩ ጸሐፊ ሚስት። ይህ በእኛ ከተማ ከስድብ ይቆጠራል።

ሰውየው እስከ ጆሮው ቀላ። እንዳይሄድ ያን ሁሉ ጃንጥላ በምን ዓይኑ ያልፈዋል? ቸገረውና ወደ ጠረጴዛዬ ጠጋ አለ። እኔ ደግሞ በድንጋጤ ደርቄ ቀርቻለሁ። ያን ጊዜ ከጎኔ «ሄስተር! ቢላሽን አንሺ እንጂ!» የሚል ድምፅ ሰማሁ። ኢዲት ናት። በገዢ በኩል አልነበረም፤ ዓይኔን እያየች ስሜን ጠራችኝ።

አነሣሁ። ለቀማሽ ከማቀርበው የዘቢብ ኬክ ቆርጬ፣ ነጩን አይብ እንደ አገራችን ደንብ ከላዩ አድርጌ ሰጠሁት። ግን ሕሊናዬ አላስቀምጠኝ አለ። «ጌታዬ፣ ከአውራጃው እንደ መጡ ገብቶኛል። እውነቱን ልንገርዎ፤ ይህ ሰልፍ የእኔ አይደለም። እርስዎ ስለ ቆሙ ነው ከኋላዎ የቆሙት። ከዚያ በፊት ዝንብ እንኳ ዝር አላለችም» አልኩት። ኢዲት በጠረጴዛው ሥር እግሬን ረገጠችኝ።

ሰውየው እያኘከ ኋላውን ተመለከተ። ለረጅም ጊዜ አኘከ። «ወይዘሪት፣» አለ በመጨረሻ፣ «ብዙ ከተማ ዞሬያለሁ፤ እንዲህ ያለ ነገር ግን አላየሁም። አይቡም እውነተኛ አይብ ነው። አንድ ልድገም?»

«ለመድገም ከኋላ ይሰለፉ» አልኩት።

ምላሴን ልቆርጠው ነበር። እሱ ግን ኮፍያውን አንሥቶ እጅ ነሣኝ፣ ቤተ ክርስቲያኑ በር ድረስ ሄደ፣ ከመጨረሻዋ ሴት ኋላም ቆመ!

ያን ያህል ቆሞ ባዶ እጁን መግባት ደግሞ ለማንም አይዋጥለትም። አይቡ ሲያልቅ እንቁላሉን ገዙ። እንቁላሉ ሲያልቅ አትክልት ሻጩ ድንኳኑን እየሮጠ ዘረጋ፤ ጎመኑም፣ መጥረጊያውም፣ የአምናው ማርማላታም ተጠራርጎ ሄደ። ከገዙም በኋላ አልተበተኑም። ዕድሜ ልካቸውን ራስ በመነቅነቅ ብቻ ሰላም ሲባባሉ የኖሩ ሰዎች በዝናብ ቆመው ሲስቁ ዋሉ። ተመልካቹ ተራው ደርሶ ሲመጣ የቀረችው ኢዲትና እኔ ደብቀን ያቆየንለት አንዲት ቁራሽ ነበረች።

ውሳኔው ገና ነው። እኔ ግን ከሐሙስ ወዲህ ጉልበቴን ረስቼዋለሁ።

አሁን ወደ አንተ ልመለስ። ስለ ጆይስ ብጠይቅህ ስለ ትራስ መለስክልኝ። እንደገና ልጠይቅህ፣ ልጄ። ጆይስ እንዴት ናት?

አክስትህ፣
ሄስተር


ከቲማሩ አጠገብ
ጁላይ 30 ቀን 1954

ለተከበሩ አክስቴ፣

ሰላምታዬ ቢዘገይም ይቀበሉኝ። እየጀመርኩ ስቀድ ነው የከረምኩት።

ጆይስ በማርች ወር ዐርፋለች። «ሾርባ ትጠጣ» ያሉበት ደብዳቤዎ ሲደርስ ከቀብሯ ተመልሰን ነበር። ለምን እንዳልጻፍኩልዎ ስጠየቅ «አክስቴን ላለማስጨነቅ» እላለሁ፤ ውሸት ነው። በእጄ ከጻፍኩት እውነት ይሆንብኛል ብዬ ነው። አባቴ «ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም» ይሉ ነበር። ዝንብስ አልገባም፣ ቤቱ ግን በቁሜ ዋጠኝ። ያንን ክፍል የቀባሁት እጄ ሥራ ሲፈታ የማደርገው ስለሚጠፋኝ ነው። እንግዳ አስተናግዳለሁ እያልኩ ለካ ልመና ነበር የያዝኩት።

የሰልፉ ደብዳቤ የደረሰኝ ዕለት ቆሜ ጀመርኩት፣ ታዝዤ ተቀመጥኩ። ኢዲት ለእንቁላሎቿ ከተናገረችበት ላይ ስደርስ ቤት ውስጥ ድምፅ ሰማሁ። የራሴ ሳቅ ነው። ውሻው ብድግ ብሎ አየኝ። ከዚያ አለቀስኩ፤ ቀብሯ ላይ ያላለቀስኩትን ሁሉ። ከዚያ ፊቴን ታጥቤ ከመጀመሪያው አነበብኩት። እሁድ ጎረቤቶቼን ሰብስቤ ጮክ ብዬ አነበብኩላቸው፤ አሁን መንገድ ላይ የሚያገኘኝ ሁሉ «ዊልፍሬድ ታፕ እንዴት ነው?» ይለኛል።

ገበያው ይሸነፍ ብዬ ተመኝቼ ነበር። ምኞቴን አንሥቻለሁ። ያሸንፍ፣ አክስቴ። ክፍሉ ባዶ ይቅር። ያንን አደባባይ ግን ማንም እንዳይነካብን። ውሳኔው ሲመጣ ቶሎ ይጻፉልኝ፤ ፖስተኛውን እመንገድ ወጥቼ መጠበቅ ጀምሬያለሁ።

አክባሪዎ፣
ክሊፈርድ


ሄልምስዊክ
ሴፕቴምበር 3 ቀን 1954

ለልጄ ለክሊፈርድ፣

እግዚአብሔር ያጽናህ። የጆይስን ነፍስ ከደጋጎቹ ጎን ያሳርፍልህ። ደብዳቤህን ያነበብኩ ዕለት ሥራ አልሠራ አለኝ። ኢዲት መጥታ አጠገቤ ተቀመጠች፣ ሻዬን ቀዳችልኝ፣ እስኪመሽ አብራኝ ዋለች። እሁድ በቤተ ክርስቲያን የጆይስ ስም ተጠራ፤ አይተዋት የማያውቁ ሰዎች ቆመው ጸለዩላት። አንተን ልቆጣህ አስቤ ነበር። ግን ሐዘኑን እንዲህ በሆዱ ቀብሮ የሚኖር ሰው የዚሁ ከተማ ዘር ነው፤ ማንን ልቆጣ?

አሁን ደግሞ የምሥራቹን ስማ፤ ሐዘንተኛም የምሥራች ይገባዋል። አሸነፍን! ገበያው ባለበት ይቆያል፤ ሐሙስ ሐሙስም አንድ መኪና እንኳ አደባባዩ ላይ አይቆምም። ተመልካቹ በሪፖርቱ ምን ብሎ የጻፈ ይመስልሃል? «የገዢው ብዛት መንገድ ይዘጋል፤ ለመኪና የሚተርፍ ቦታ የለም።» ዊልፍሬድ ታፕ ይህችን ዓረፍተ ነገር በቃሉ ይዟት ላገኘው ሁሉ ይወጣታል።

ትናንት ሐሙስ ነበር፣ ከድሉ በኋላ የመጀመሪያው። የነሐስ መሣሪያ ሙዚቀኞቻችን ወጡ፣ ደወሉ ተደወለ። በሄልምስዊክ ሰው እልል አይልም። ዊልፍሬድ ግን ኮፍያውን ወደ ላይ ወረወረ፤ ቅቤ መስቀሉ ጣሪያ ላይ ቀረበትና «እዚያው ይኑር!» አለ። እኔም በዚህ ዕድሜዬ የእንቁላል ሳጥን ላይ ወጥቼ ጮህኩ። ምን እንዳልኩ አላስታውስም፤ ኢዲት «ተሳድበሻል» ትላለች፣ ደግሞም አኩርቻታለሁ። ሁለቱን ሸራ አንድ ላይ ሰፍተነዋል፤ ከእንግዲህ ውሃው በሁለታችንም ላይ እኩል ይንጠባጠብ። ተመልካቹም በዕረፍት ቀኑ ሚስቱን ይዞ መጣና ሳይነገረው ከኋላ ተሰለፈ። እንዲህ ደስ ብሎኝ አያውቅም፣ ክሊፈርድ። ይኸው በቀለም ጻፍኩት።

ቃሌ ቃል ነውና እኔ አልመጣም። አንተ ና። በጎቹንም ውሻውንም ለእነዚያ ዊልፍሬድን ለሚወዱ ጎረቤቶችህ አደራ ስጥ። ለአንድ ክረምት ነው ብለህ ና፤ ከወደድከው ትቀራለህ፣ ካልወደድከው መርከቡ አይጠፋም። ጠረጴዛ የሚሸከምልኝ፣ ኦልድሮይድ ነኝ የሚል ሰው እፈልጋለሁ። የልብህን ለመናገር ጊዜ ቢወስድብህ ማንም አይቸኩልብህም፤ እዚህ ሁላችንም እንዲሁ ነን።

ሐሙስ ቀን ከደረስክ ጣቢያ የሚቀበልህ አታገኝም፤ ሥራ ላይ ነኝ። ዳገቱን ወርደህ ቀጥታ ወደ አደባባዩ ናና ከሰልፉ ጫፍ ቁም። «ዘመዷ ነኝ» ብለህ እንዳትቀድም፤ ይህ ከተማ ብዙ ነገር ይቅር ይላል፣ እሱን ግን አይልም። ተራህ ሲደርስ ቢላዬን አስቀምጬ፣ እጄን በሽርጤ ጠርጌ፣ በጠረጴዛው ላይ ተሻግሬ አቅፌ እስምሃለሁ፤ ሰው ሁሉ እያየ።

አክስትህ፣
ሄስተር